የሚጮኽ እንጂ የማይነፍስ፦ ስለ መኪና ማሞቂያ ማራገቢያ ፍጥነቶችና ስለ አንድ የተሳሳተ ምርመራ



የዚህ የሕዝብ ንግግር አዘጋጆች ርእስ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ከቀደሙኝ ተናጋሪዎች ርእሶች ጋር የሚመጣጠን ከበድ ያለ ነገር ከእኔ እንደጠበቁ አውቃለሁ። የማቀርበው ግን ከዳሽቦርድ በስተጀርባ ተሸሽጋ ስለምትኖር፣ በመዳፍ ውስጥ ስለምትያዝ አንዲት ዕቃና እርሷን በተመለከተ እኔ ራሴ ስለ ሠራሁት ስሕተት ነው። ስሕተቱን ስሠራ በዚህ ፋካልቲ የአውቶሞቲቭ ኤሌክትሪክ መምህር ሆኜ ዐሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዤ ነበር።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁትን ምልክት ላስታውሳችሁ። በዳሽቦርዱ ላይ ከ1 እስከ 4 የተቆጠረ ማዞሪያ አለ። አንድ ቀን ጠዋት 1 ላይ ታደርጉታላችሁ፤ ዝም። 2፤ ዝም። 3፤ ዝም። 4 ላይ ሲደርስ ማራገቢያው ድንገት እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ይህ የገጠመው ሰው እስኪ እጁን ያውጣ። አመሰግናለሁ፤ ከግማሽ በላይ ናችሁ። ከእናንተ መካከል ስንቱ «4ኛው እስከ ሠራ ድረስ ምን ቸገረኝ» ብሎ እንደ ተወው ግን አልጠይቅም።

ቢተዉትም የሚያስወቅስ አይመስልም። በአገራችን ማሞቂያን የምንቆጥረው እንደ ቅንጦት ነው። ያገለገለ መኪና ስንገዛ ሞተሩን እናስነሣለን፣ ፍሬኑን እንፈትሻለን፣ ጎማውን በእግራችን መታ መታ እናደርጋለን፤ የማሞቂያውን ማዞሪያ የሚነካ ገዢ ግን እምብዛም አላየሁም። ይሁን እንጂ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ሥራ እግር ማሞቅ ሳይሆን የአሽከርካሪውን ዕይታ መጠበቅ ነው። ከሳንባችን የሚወጣው ትንፋሽ እርጥበት የተሸከመ ነው። አምስት ሰዎች መስኮት ዘግተው ሲቀመጡ የሁሉም ትንፋሽ ከልብሳቸው እርጥበት ጋር ተደምሮ ቀዝቃዛውን የፊት መስታወት ያገኘዋል፤ እርጥበቱም በመስታወቱ ላይ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለወጣል። መድኃኒቱ ሞቅ ያለ ነፋስ በመስታወቱ ላይ ሳያቋርጥ መንዳት ነው። ከውጭ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር፣ ውጭው ጉም ቢሆን እንኳ፣ ሲሞቅ እርጥበት የመሸከም ዐቅሙ ስለሚጨምር መስታወቱን ያደርቀዋል። ሙቀቱ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ ይገኛል፤ ሞተሩን አቀዝቅዞ ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የደረሰው ውኃ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥም ያልፋልና። ያንን ሙቀት ወደ መስታወቱ የሚያደርሰው ግን ማራገቢያው ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቋሚ ማግኔትና ካርቦን ያለው ተራ የዲሲ ሞተር ነው። ሙሉ ቮልቴጅ ሲያገኝ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል። እንዲያዘግም ሲፈለግ በአሮጌዎቹ መኪኖች ዘንድ ዘዴው ቀላል ነው፤ በከረንቱ መንገድ ላይ ተቃውሞ ያለው የተጠመዘዘ ሽቦ ይደረጋል። ሬዚስተር የምንለው ይህንኑ ነው። ማዞሪያው 1 ላይ ሲሆን ከረንቱ በሁሉም ጥምዝ ሽቦዎች ያልፋል፤ 2 ላይ አንዱን ይዘላል፤ 3 ላይ ሌላውን ይጨምራል፤ 4 ላይ ሁሉንም ትቶ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። እንግዲህ 4 ብቻ ሲሠራ ፊውዙም ሞተሩም ከረንት እያሳለፉ ነው፤ የተቆረጠው ሬዚስተሩ ነው ማለት ነው። አራቱም ጸጥ ካሉ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ የሞተሩን ካርቦንና ማሳውን እንመረምራለን። 4 ብቻ ጠፍቶ ሌሎቹ ከሠሩ ደግሞ ጥርጣሬያችን በማዞሪያው ወይም ለ4ኛው ፍጥነት በተመደበው ሪሌ ላይ ይወድቃል። እዚህ ድረስ ያለውን ማንኛውም የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን ሊነግራችሁ ይችላል።

ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የሚያልፈን ሬዚስተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራና ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ መባቻ በሙከራ ባሳየው መሠረት፣ በሬዚስተሩ ላይ የቀረው ቮልቴጅ ጠፍቶ አይቀርም፤ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ያ ሙቀት ካልተወሰደ ሽቦው ይግላል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ይቀልጣል። ስለዚህ መኪናውን የነደፉት ሰዎች ሬዚስተሩን በአየር መተላለፊያው ውስጥ፣ ማራገቢያው የሚገፋው ነፋስ በሚመታው ቦታ አስቀመጡት። ማራገቢያው የራሱን ሬዚስተር ያቀዘቅዛል ማለት ነው። ይህ ሳይበቃቸው ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ቀልጦ የሚቆረጥ የሙቀት ፊውዝ ጨመሩበት። ይህ ፊውዝ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ አይመለስም።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አሁን የማልኮራበትን ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት ወር፣ ስሟን መጥራት የማያስፈልገኝ አሮጌ የቤት መኪናዬ ሦስቱን ፍጥነቶች አጣች። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሰሌዳ ላይ ስሥለው የኖርኩት ብልሽት ቤቴ ድረስ መጥቶልኛል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሬዚስተሩን ፈታሁት፤ በቴስተር ለካሁት፤ የሙቀት ፊውዙ ተቆርጧል። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ገዛሁ፤ ገጠምኩት፤ አራቱም ፍጥነቶች ተመለሱ። ብዙ ሰው ሥራውን እዚህ ላይ ይጨርሳል። እኔ ግን «ሬዚስተር ያለ ምክንያት አይቃጠልም፤ ሞተሩን ለኩ» እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝና ክላምፕ ሜትሬን አውጥቼ በሞተሩ ገመድ ላይ አደረግሁ። 4ኛው ላይ 11 አምፔር አነበብኩ። ከዚያ ሞተር 16 አምፔር ገደማ ይጠበቃል። ማብዛቱን ስፈራ አሳንሶ አገኘሁት። «ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ቀልሎ ይዞራል» ብዬ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ማስታወሻው ዛሬም አለኝ። ሰኞ ክፍል ገብቼ ታሪኩን ለተማሪዎቼ እንደ መልካም ምሳሌ ነገርኳቸው።

በነሐሴ ወር የእናቴ እኅት በደሴ ዐረፈች። መርዶው ማታ ደረሰን፤ ቀብሩ በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሣን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና ሁለት ዘመዶቻችን። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ለመጠጣት ስንወርድ ዝናቡ አገኘን፤ የእናቴ ጋቢና የሌሎቹ ነጠላ ረጥቦ ወደ መኪናው ተመለስን። ያን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከደብረ ብርሃን አልፎ መሬቱ ከፍ እያለ ይሄድና ጣርማ በር ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በጣልያን ጊዜ የተቦረቦረውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። በክረምት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ይውጠዋል።

ማራገቢያው 2 ላይ ነበር። ዋሻው ከመድረሳችን በፊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ቀጥሎም ነፋሱ ቆመ። ወዲያው ገባኝ። ወደ 4 አዞርኩት፤ ማራገቢያው ጮኸ። እኔም ተረጋጋሁ፤ 4ኛው በሬዚስተሩ እንደማያልፍ አውቃለሁና። ከፊቴ ያለው ነጭ ነገር ሁሉ የውጭው ጉም መሰለኝ፤ እየቀነስኩ መንዳቴን ቀጠልኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ባለቤቴ እጇን ዘርግታ በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ስትጠርገው፣ በተጠረገው ቦታ በኩል የመንገዱ ጠርዝ ታየን፤ ከቀኝ ጎማችን አንድ ክንድ ያህል እንኳ አይርቅም። ከውጭ ካለው ጉም ይልቅ ውስጥ ያለው ይከፋ ነበር። እጄን በመስታወቱ ሥር ባለው የነፋስ መውጫ ላይ አደረግሁ። ማራገቢያው በሙሉ ድምፁ እየጮኸ ነው፤ የሚወጣው አየር ግን ሻማ የሚያጠፋ አልነበረም።

መንገዱ ሰፋ ባለበት ጥግ ይዤ ቆምኩ። ከኋላችን የመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ቀድሞን ሲያልፍ መኪናችን ተናወጠች። መስኮት ከፍተን፣ መስታወቱን እየጠረግን፣ ጉሙ እስኪሳሳ ከሦስት ሰዓት በላይ እዚያው ቆየን። ደሴ የደረስነው ቀብሩ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በድንኳን ከተቀመጠ በኋላ ነው። እናቴ በዚያ የቁም ቆይታችን ውስጥ የተናገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንተ ይህን አይደለም እንዴ የምታስተምረው?» አለችኝ።

አዲስ አበባ እንደ ተመለስኩ መኪናዋን ራሴ አልነካኋትም። ሁላችንም «ጋሼ» ወደምንላቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰድኳት። ሁለቱን የተቃጠሉ ሬዚስተሮች በእጄ ይዤ፣ የለካሁትን ከረንት፣ የደመደምኩትን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ «መምህር፣ ነፋሱንስ ለክተኸዋል?» አሉኝ።

አልለካሁትም ነበር። ከረንቱን፣ ቮልቴጁን፣ ተቃውሞውን ለክቻለሁ፤ መሣሪያው የተሠራበትን ነገር፣ ነፋሱን፣ አልለካሁም።

እርሳቸው ከኪሳቸው ሶፍት አውጥተው አንዱን ንጣፍ ቀደዱና በነፋስ መውጫው ፊት አንጠለጠሉት። ማራገቢያው 4 ላይ ሆኖ ወረቀቱ ትንሽ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ቀጥለው አየሩ ከውጭ ወይም ከውስጥ እንዲሳብ የሚያደርገውን መግፊያ ወደ ውስጥ አዞሩት። ወረቀቱ ከእጃቸው አምልጦ ወደ ኋላ ወንበር በረረ። የማራገቢያውም ድምፅ ተለወጠ፤ ቀድሞ የነበረው ቀጭን ጩኸት ወፍራም ሆነ። መግፊያውን መለሱት፤ ቀጭኑ ጩኸት ተመለሰ፤ ነፋሱም ጠፋ። «ሞተሯ ምንም አልሆነች፤ አፍንጫዋ ነው የተደፈነው። የት ነው የምታሳድራት?» አሉኝ። ከግራቪሊያ ዛፍ ሥር ነው የማሳድራት። ሳቁ።

የዝናብ መጥረጊያዎቹን ፈትተው ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ሲያነሡት፣ አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ በጠቆረ የግራቪሊያ ቅጠል ተደፍኖ ነበር። ደረቅ በሆነ ጊዜ ቅጠሉ መሀል ለመሀል ጥቂት አየር ያሳልፋል፤ ዝናብ ሲመታው ግን እንደ ምንጣፍ ተጣብቆ ይዘጋል። በግንቦት የጀመረው ነገር በነሐሴ ዝናብ ያለቀለት በዚህ ምክንያት ነው። ቅጠሉ ከወጣ በኋላ ክላምፕ ሜትሬን መልሼ አደረግሁ። 4ኛው ላይ 16 አምፔር። ቁጥሩ ጨመረ። ግንቦት ላይ «ጤና» ብዬ የጻፍኩት ማነስ የበሽታው ምልክት ነበር።

ይህ ለምን እንደ ሆነ በጥቂቱ ላብራራ፤ እኔም ተቀምጬ ከሠራሁት በኋላ ነውና የገባኝ። ፀጉር ማድረቂያ ያላችሁ፣ አየር የሚስብበትን ጀርባውን ለቅጽበት ብቻ በእጃችሁ ሸፍኑትና ስሙት። ድምፁ ይቀጥናል፤ ሞተሩ ይፈጥናል። የሚገፋው አየር ስላነሰ ሸክሙ ቀልሎታል፤ ሸክም የቀለለው ሞተር ደግሞ ብዙ ከረንት አይስብም። በዚያው ቅጽበት ግን የውስጡ ሽቦ እየቀላ ይሄዳል፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ የለምና። በመኪናዋም የሆነው ይኸው ነው።

በቁጥር እንየው። ሞተሩ ተነሥቶ የመኪናው ቮልቴጅ 13.5 ነው እንበል፤ በ1ኛው ፍጥነት የሬዚስተሩ ተቃውሞ 2 ኦም ይሁን። ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን 4 አምፔር ይፈስሳል ብንል፣ በሬዚስተሩ ላይ 8 ቮልት ይቀራል፤ የሚወለደውም ሙቀት 32 ዋት ነው። ነፋሱ ይህን ይዞት ይሄዳል። አሁን የሞተሩ ቦኮላ ደርቆ ወይም ዝጎ ሞተሩ ከበደው እንበል። ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ሲዞር በውስጡ የሚያመነጨው ተቃራኒ ቮልቴጅም ይቀንሳል፤ ከረንቱ ወደ 5 አምፔር ያድጋል። ሙቀቱ 50 ዋት ሆነ፤ በዚያ ላይ ነፋሱ ደክሟል። እኔ የማስተምረው ይህንን አንዱን መንገድ ብቻ ነበር። ሌላው መንገድ ከዚህ የተገለበጠ ነው፤ መግቢያው ተደፍኖ ሞተሩ ቀልሎት ከረንቱ ወደ 3 አምፔር ይወርዳል፤ ሙቀቱ 18 ዋት ብቻ ነው፤ ነፋሱ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሙቀቱ የሚሄድበት ስለሌለው ይከማቻል፤ የሙቀት ፊውዙም ይቆረጣል። ሁለቱም መንገዶች በጠረጴዛዬ ላይ ወደምታዩት ወደዚህ አንድ ዓይነት የተቃጠለ ዕቃ ያደርሳሉ። ዕቃውን በማየት ብቻ የትኛው እንደ ሆነ መለየት አይቻልም። አምፔሩንና ነፋሱን ጎን ለጎን ያየ ግን ይለየዋል፤ አምፔሩ በዝቶ ነፋሱ ካነሰ ሞተሩ ነው፤ አምፔሩም ነፋሱም ካነሱ መንገዱ ተዘግቷል።

ሁለቱም ደህና ሆነው ሬዚስተሩ ከተቃጠለስ? ያን ጊዜ ሶኬቱን እዩ። የላላ ሶኬት ብዙውን ጊዜ ይረሳል። የአንድ እግር ግንኙነት 0.1 ኦም ያህል ተቃውሞ ቢያበጅ፣ 15 አምፔር ሲያልፍበት ከ22 ዋት በላይ በአንዲት የብረት ጫፍ ላይ ይወለዳል። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ወይም ቀልጦ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ባለ ሶኬት ላይ አዲስ ሬዚስተር መሰካት ገንዘብ መጣል ነው።

ከፍታን አንሥቼ እንዳላልፍ የሚጠይቀኝ ባልደረባ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል። አዎን፣ በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ስስ አየር ሙቀት የመሸከም ዐቅሙ ያንሳል። ነገር ግን ስስ አየር ለማራገቢያውም ሸክሙ ይቀላል፣ ከረንቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደጋ ላይ የሚቃጠለውን ሬዚስተር ሁሉ በከፍታው ማሳበብ አይገባም። ከፍታው የሚወስድብን ትርፍ የሆነውን የመቻል ዐቅም ነው። ጣርማ በር ላይ ቅጠሉ ባይኖር ኖሮ ምንም አንሆንም ነበር።

አሁን በጋራዦቻችን ውስጥ ስለተለመደ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ እዚህ የተቀመጣችሁ ባለሙያዎች እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አለኝ። «ዳይሬክት ማድረግ» የምትሉትን ማለቴ ነው። አንደኛው ዓይነት ሬዚስተሩን ጨርሶ አውጥቶ ማራገቢያውን በ4 ብቻ እንዲሠራ መተው ነው፤ ይህ ጆሮ ያደክማል እንጂ ያን ያህል አያስፈራም። ሁለተኛው ግን የተቆረጠውን የሙቀት ፊውዝ በሽቦ ቁራጭ ማገናኘት ነው። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ፍጥነቶቹ ሁሉ ይመለሳሉ፤ ባለ መኪናውም አመስግኖ ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ያ ጥምዝ ሽቦ ሲግል የሚያስቆመው ነገር የለም። ዙሪያው ፕላስቲክ፣ አቧራ፣ አንዳንዴም ደረቅ ቅጠል ነው፤ ከፊቱ ደግሞ እሳቱን የሚያራግብ ሞተር አለ።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በብሪታንያ ዛፊራ ቢ የተባለው የቮክስሆል ቤተሰብ መኪና ከማሞቂያው አካባቢ እየተነሣ በሚቀጣጠል እሳት ተደጋግሞ ከተቃጠለ በኋላ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ከ200,000 በላይ መኪኖችን ለጥገና ጠራ። ጥሪው የተመለከተው ኤሌክትሮኒክ የአየር መቆጣጠሪያ የሌላቸውን፣ እንደ እኔዋ በሬዚስተር ፍጥነታቸው የሚለወጠውን ነበር። ኩባንያው በመጀመሪያ ያመለከተው ያለ አግባብ በተጠገኑ የሬዚስተር የሙቀት ፊውዞች ላይ ነው፤ እኛ «ዳይሬክት» የምንለው ዓይነት ሥራ መሆኑ ነው። ነገር ግን ለመጀመሪያው ጥሪ ቀርበው ከተመለሱት መኪኖች መካከልም የተቃጠሉ ተገኙ። በ2016 ሁለተኛ ጥሪ ሲደረግ ዓይን ወደ ሞተሩ ዞረ፤ ውኃና እርጥበት እየገባ ሞተሩን ያዝገዋል፣ የዛገው ሞተር ይከብደዋል፣ የከበደውም ሞተር ሬዚስተሩን ያግለዋል። በሁለተኛው ጥሪ ሞተሩም እንዲለወጥ ውኃ መከላከያም እንዲጨመር ተደረገ። የብሪታንያ ፓርላማ የትራንስፖርት ኮሚቴ በ2017 ባወጣው ሪፖርት ኩባንያው ምርመራውን በመዘግየቱ አጥብቆ ወቀሰው። እኔ ሪፖርቱን ሳነብ የተሰማኝ ግን ከወቀሳ ይልቅ ዝምድና ነበር። የተቃጠለውን ዕቃ አይቶ እዚያው ላይ መቆም በአንድ ቅዳሜ ጠዋት እኔም የሠራሁት ነው፤ ልዩነቱ እኔ አንድ መኪና ብቻ ነበረችኝ።

ተማሪዎች «ይህ ሁሉ የአሮጌ መኪና ወሬ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። በከፊል ትክክል ናችሁ። በአዳዲሶቹ መኪኖች የሬዚስተሩን ቦታ ትራንዚስተር ያለው መቆጣጠሪያ ወስዶታል፤ ከረንቱን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ስለሚሠራ የሚያባክነው ሙቀት ጥቂት ነው። ሲበላሽም ምልክቱ ሌላ ነው፤ አንዳንዴ ማራገቢያው በሙሉ ፍጥነት ብቻ ይዞራል፣ ቁልፍ ከወጣ በኋላም እንቢ ብሎ እየዞረ ባትሪ ይጨርሳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በየመንገዱ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ሙቀት የሚያበድር የነዳጅ ሞተር ስለሌላቸው ማሞቂያቸው ከባትሪው ይቀለባል። ነገር ግን እነዚህም ሁሉ ማራገቢያ አላቸው፤ ትራንዚስተሩም በዚያው የነፋስ መንገድ ላይ ተቀምጦ የሚቀዘቅዝባቸው ብዙ ናቸው። ግራቪሊያም በየግቢው ቅጠሉን ማርገፉን አልተወም።

ለባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ኑዛዜ አለኝ። በየዓመቱ በፈተናዬ ላይ የማወጣው ጥያቄ ነበር፦ «ማራገቢያው በ4ኛው ፍጥነት ብቻ ይሠራል። የተበላሸው ዕቃ ምንድን ነው?» «ሬዚስተሩ» ብሎ የጻፈ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር። ያን ነጥብ አግኝተው የተመረቁት ልጆች ዛሬ በየጋራዡ አሉ፤ ሬዚስተር እየለወጡ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ደንበኛው ሲመለስ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይሉታል። ምናልባት አንዳንዶቹ በሽቦ እያገናኙ ይሆናል። ጥያቄውን ለውጫለሁ። አሁን የምጠይቀው ሬዚስተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ምን ምን ትለካላችሁ፣ እያንዳንዱስ ልክ ወዴት ይመራችኋል የሚለውን ነው። በመጀመሪያው ዓመት የክፍሉ ውጤት ክፉኛ ወረደ፤ ከዲኑ ቢሮ ለምን ብለው ጠይቀውኛል፤ ዛሬ መልሴን በይፋ ሰጥቻለሁ።

ጋሼ ዛሬ እንዲመጡ ጋብዣቸው ነበር፤ «ሥራ አለብኝ» አሉኝ። የተጠቀሙበትን የሶፍት ፓኬት ግን አምጥቻለሁ። መኪናዋ ከአዳራሹ በስተጀርባ ካለው ወርክሾፕ ፊት ለፊት ቆማለች። ጥያቄዎቻችሁን ከተቀበልኩ በኋላ ወደዚያ እንወርዳለን፤ ከተማሪዎቻችን አንዱ ኮፈኑን ከፍቶ የአየር መግቢያውን በካርቶን ይደፍነዋል፣ ሌላዋ ክላምፕ ሜትሩን ይዛ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ከጎኗ ሆኖ ወረቀቱን የሚይዝ አንድ ሰው ደግሞ ከእናንተ መካከል እፈልጋለሁ። ማራገቢያውን ከ4 በታች እንዳታደርጉት አደራ፤ ሦስተኛውን ሬዚስተር የገዛሁት ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

 ጥያቄ ያለው?